ታሪኩን ይተርካሉ እንጂ አይተነትኑም፦ ለአንድ መምህር ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ10ኛ ክፍል የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ አጭር ልብ ወለድ አንብበው ሐተታ ጻፉ ሲባሉ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርኩልኛል። ‹ነጥብ፣ ማስረጃ፣ ማብራሪያ› የሚለውን አካሄድ አስተማርኳቸው። አሁን ደግሞ የሁሉም ጽሑፍ አንድ ዓይነት ሆነ፤ ማብራሪያቸውም ነጥቡን መድገም ነው። 60 ተማሪዎች አሉኝ፤ የሁሉንም በዝርዝር ማረም አልቻልኩም። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

«ማብራሪያቸውም ነጥቡን መድገም ነው» ያሉት ላይ ብዙ ቆየሁ። የችግሩ ሥር ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። የትንተና ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በመጻፊያው ሰዓት ሳይሆን በማንበቢያው ሰዓት ነው። ተማሪው ያስተዋለው ነገር ሳይኖር እስክሪብቶ ያነሣል። የሚያብራራው ያጣ ሰው «አብራራ» ሲባል በእጁ ያለውን ያንኑ ይደግማል፤ ሌላ ምን ያድርግ?

እኔም ለብዙ ዓመታት በተማሪዎች ደብተር ኅዳግ ላይ «አብራራ»፣ «በዝርዝር»፣ «ለምን?» እያልኩ በቀይ ስጽፍ ኖሬአለሁ። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ደብተሩን ይዞ መጣና «መምህር፣ ምን ብዬ ነው የማብራራው?» አለኝ። ሊከራከረኝ አልነበረም፤ በእውነት ማወቅ ፈልጎ ነው። የምመልስለት አጣሁ። ማብራራት ምን እንደሆነ ሳላሳየው ማብራሪያ ስጠይቀው መቆየቴን የተረዳሁት ያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያስተማርኩት ሁሉ ለዚያ ልጅ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በቅድሚያ ስለ መተረክ። ታሪኩን መልሶ መተረክን እንደ ስንፍና አይቁጠሩባቸው። በታችኛው ክፍል «አንብበሃል?» የሚባሉት ታሪኩን እንዲናገሩ በመጠየቅ ነበር፤ ያን ሲያደርጉ ጎሽ ተብለዋል። ደግሞም ግልጽ ትርጉሙን መያዝ ቀላል ሥራ አይደለም። እንግሊዛዊው የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ አይ ኤ ሪቻርድስ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች የገጣሚው ስምና ዘመኑ ያልተጻፈባቸውን ግጥሞች እየሰጠ አስተያየታቸውን ሰብስቦ ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1929 ሲያሳትም ከመዘገባቸው ችግሮች የመጀመሪያው ብዙዎቹ ግጥሙ በቀጥታ የሚለውን ነገር እንኳ በትክክል አለመረዳታቸው ነው። እነዚያ ተመርጠው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ ለታሪኩ የራሱን ጊዜ ይስጡት፤ በቃል ግን ይሁን። አምስት ደቂቃ «ማን ምን አደረገ? ከዚያስ?» እያሉ ክፍሉ ተቀባብሎ ይጨርሰው። በጋራ የተነገረ ታሪክ በወረቀት ላይ ሲደገም ተማሪው ራሱ ትርፍነቱን ያየዋል። በዚያው ላይ አንድ ነገር ይንገሯቸው፦ «የምትጽፉለት ሰው ታሪኩን አንብቦታል፤ በእናንተ ሐሳብ ግን ገና አልተስማማም።» አንባቢውን እንዲህ ሲያስቡት የሚጽፉት ነገር ይለወጣል። እስካሁን የሚጽፉት ምንም ለማያውቅ ሰው ነበርና።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። የማስተዋል ትምህርት የምጀምረው ከሙሉ ታሪክ ሳይሆን በጣም አጭር ከሆነ አንቀጽ ነው። የሚከተለውን ለክፍል ብዬ ራሴ ጻፍኩት። መምህሩ ራሱ የጻፈው አንቀጽ አንድ ጥቅም አለው፤ ማንም ከመጽሐፍም ሆነ ከኢንተርኔት የተዘጋጀ ትንታኔ ሊያመጣለት አይችልም።

«ደብዳቤው በመጣ በሦስተኛው ቀን አባቷ በሩን ጠገነ። በሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጢጥ ሲል የኖረ ነው። ማጠፊያውን ፈታ፤ ዘይት ቀባ፤ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ከፍቶ ዘጋው። ደግሞ ከፈተው። ድምፅ የለም። ‹ከእንግዲህ ማታ ስትገቢ ማንም አይሰማሽም› አላት። ዓይኑን ግን ከበሩ ላይ አላነሣም።»

ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። «ጭብጡ ምንድን ነው?» ብለው ግን አይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ቀድሞ ከመጣ ተማሪው ከጽሑፉ ላይ ዓይኑን ያነሣና ከዚህ በፊት ከሰማቸው ትልልቅ ቃላት አንዱን ያወጣል፤ ፍቅር፣ ተስፋ፣ መሥዋዕትነት። በዚህ ፋንታ እያንዳንዱ ተማሪ ዓይኑን የያዘችውን ወይም ግር ያለችውን አንዲት ቃል ወይም ሐረግ ብቻ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይገልብጥ። ምክንያት አይጠየቅም። ከ60 ተማሪ ይህን ለመሰብሰብ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በሰሌዳው ላይ ይዘርዝሩት። «በሦስተኛው ቀን»፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ»፣ «ድምፅ የለም»፣ «ዓይኑን» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይደጋገማሉ።

ቀጥሎ ከሁሉ አብልጬ የምተማመንበት ጥያቄ ይመጣል፦ «ይህ ቃል ቢቀየርስ?» ከ«በሦስተኛው ቀን» ይልቅ «በዚያው ቀን» ቢል ምን ይቀራል? ተማሪዎቹ ያስባሉ፤ አንዷ «ሁለት ቀን ሲያስብ ነበር ማለት ነው» ትላለች። ጽሑፉ ላይ «አሰበ» የሚል ቃል የለም። ልጅቷ ግን አላፈለሰፈችውም፤ ከቁጥሩ አወጣችው። ያን ጊዜ ቆም ይበሉና «አሁን ያደረግሽው ነገር ትንተና ይባላል» ይበሏት። ስሙን ከድርጊቱ በኋላ መስጠት ከማናቸውም ትርጓሜ ይሻላል። «ማንም አይሰማሽም» የሚለው «አልሰማሽም» ቢሆንስ? የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ጨርሶ ቢወጣስ? እያንዳንዱ ለውጥ አንድ ነገር ይወስዳል፤ ተማሪው የተወሰደውን ሲናገር የቃሉን ሥራ ተናገረ ማለት ነው።

ይህን አንቀጽ ካስተማርኩባቸው ቀናት አንዱን አልረሳውም። ከኋላ የሚቀመጥ፣ ለወራት በክፍል ውስጥ ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ እጁን ሳያወጣ «ግን ‹ስትገቢ› ነው ያላት፤ ‹ስትወጪ› አላላትም» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ራሴ አንቀጹን ስጽፍ ያን ያህል አላሰብኩበትም ነበር። ከዚያ ሁሉም ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። አንዱ «ልትሄድ መሆኑን ያውቃል፤ መናገር ግን አልቻለም» አለ። ሌላዋ «የለም፣ እንድትመለስ እየለመናት ነው» አለች። ሦስተኛው ደግሞ «ድምፁ እኮ መግባቷን የሚያውቅበት ነበር፤ እሱን ነው የተወላት» አለ። ለ15 ደቂቃ ያህል እኔ አላስፈለግኳቸውም።

ከእንዲህ ያለ ውይይት በኋላም ወዲያው ወደ ሙሉ ድርሰት አይሂዱ። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ያጽፏቸው። እኔ የምሰጣቸው መንደርደሪያ ይህ ነው፦ «ጸሐፊው … ማለት ሲችል … ብሏል፤ ይህም …» ክፍት ቦታዎቹን ታሪኩን በመተረክ መሙላት አይቻልም፤ ተማሪው የግድ ያለውን ከሌለው ጋር ማነጻጸር አለበት። ደካማ የሚባለው ተማሪ ሳይቀር በዚህ ዐረፍተ ነገር የራሱን ሐሳብ ሲጽፍ አይቻለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዐረፍተ ነገር ብቻ መቆየት ጊዜ ማባከን ይመስል ይሆናል። በኋላ የሚመለስ ጊዜ ነው።

ወደ አንቀጽ ሲሸጋገሩ ልዩነቱን ጎን ለጎን ያሳዩዋቸው። እርስዎ የገለጹት ዓይነት ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

«አባትየው ልጁን ይወዳል። ለምሳሌ ‹አባቷ በሩን ጠገነ› ይላል። ይህም አባትየው ልጁን እንደሚወድ ያሳያል።»

ሦስቱም ክፍሎች አሉ፤ ነጥብ፣ ማስረጃ፣ ማብራሪያ። ሐሳቡ ግን ከተነሣበት ቦታ አልተንቀሳቀሰም። ይህን ደግሞ ከላይ ካለው ውይይት በኋላ ከተጻፈ አንቀጽ ጋር ያስተያዩት፦

«አባትየው ልጁ እንደምትሄድ ያወቀ ይመስለኛል፤ ነገር ግን በአፉ ሊያወጣው አልቻለም። ሁለት ዓመት የታገሠውን በር ደብዳቤው በመጣ በሦስተኛው ቀን የጠገነው በሩ ስላስቸገረው ሊሆን አይችልም፤ ቢያስቸግረው ኖሮ ቀድሞ ይጠግነው ነበር። ሲናገርም ስለ መሄድ አያነሣም። ‹ስትገቢ› ይላታል። የሚገባ ሰው ቀድሞ የወጣ ሰው ነውና ቃሉ መውጣቷን ሳይጠራው በውስጡ ይዞታል። ይህን ሲላት እንኳ የሚያየው በሩን እንጂ እሷን አይደለም።»

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቋንቋ ችሎታ አይደለም። ሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ ከባድ ቃል የለም፤ የሥነ ጽሑፍ ሙያዊ ቃልም የለም። ልዩነቱ «ቢያስቸግረው ኖሮ ቀድሞ ይጠግነው ነበር» በሚለው ውስጥ ነው። ማስረጃውን ከነጥቡ ጋር ያገናኘው እሱ ነው።

ስቲቨን ቱልሚን የተባለው ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ሥራው ክርክርን ሲመረምር ሰው አቋሙንና ማስረጃውን እንደሚናገር፣ ከማስረጃው ወደ አቋሙ የሚያሻግረውን ድልድይ ግን ብዙ ጊዜ ሳይናገር እንደሚያልፈው አሳይቷል። ተማሪዎቻችን «ማብራሪያ» ስንላቸው የምንጠይቃቸው ይህን ድልድይ ነው፤ ግን እንዲህ ብለን አንነግራቸውም። ስለዚህ «አብራራ» የሚለውን ትቼ «ከዚህ ጥቅስ ወደዚያ አቋም ያሻገረህ ምን ብለህ አስበህ ነው?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ለበሩ ምሳሌ መልሱ «ለረጅም ጊዜ የተተወ ነገር በድንገት ሲሠራ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከነገሩ ውጭ ነው» የሚል ይሆናል። ይህ ስለ ሰው ጠባይ የምናውቀው ነገር ነው፤ ተማሪውም ያውቀዋል። በሐተታ ውስጥ መጻፍ እንዳለበት ግን ማንም አልነገረውም።

ሦስት የተለያዩ ንባቦች ክፍል ውስጥ ሲነሡ «ታዲያ ትክክሉ የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁዎታል። ሁለት ክፉ መልሶች አሉ። አንዱ መምህሩ «ትክክሉ ይህ ነው» ብሎ ውይይቱን መዝጋቱ ነው፤ ሁለተኛው «ሁሉም ትክክል ነው» ማለቱ ነው። ሁለተኛው ደግነት ይመስላል እንጂ የሚያደርሰው ጉዳት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ሁሉም ትክክል ከሆነ ለምን ማስረጃ እንፈልጋለን? አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ሉዊዝ ሮዘንብላት እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምራ ትርጉም የሚፈጠረው አንባቢውና ጽሑፉ ሲገናኙ ነው ብላ ስታስተምር፣ አንባቢው እንዳሻው ይሁን አላለችም። አንድ ንባብ ተቀባይነት የሚኖረው በጽሑፉ ውስጥ ያለ ምንም ነገር ሳይቃረነው ሲቀርና በጽሑፉ ቃላት ላይ መነሻ ሲኖረው ነው ትላለች። እነዚህን ሁለት መፈተኛዎች በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፌአቸዋለሁ። «አባትየው ልጁን ሊያባርራት ፈልጓል» ያለ ተማሪ «አንቀጹ ውስጥ የሚቃወምህ ነገር አለ?» ሲባል ራሱ «ስትገቢ» የሚለውን ያገኘዋል። «ደብዳቤው ከእጮኛዋ ነው» ያለች ደግሞ «የትኛው ቃል ላይ ተነሥተሽ?» ስትባል ትፈልግና ታጣዋለች። መምህሩ ማንንም ሳያሳፍር ጽሑፉ ራሱ ይዳኛል።

እዚህ ላይ አንድ የማምንበትን ነገር ላንሣ። ከቅኔ የወረስነው ሰምና ወርቅ ለትንተና ትልቅ ሀብት ነው፤ ቃል ከላዩ ሌላ ከውስጡ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ለተማሪዎቻችን ማስረዳት አያስቸግረንም። ነገር ግን አንዳንዱ ተማሪ ይህን ይዞ ወደ ልብ ወለድ ሲመጣ ታሪክ ሁሉ ሰሙ ተልጦ የሚጣልለት አንድ ወርቅ ያለው ይመስለዋል። «በሩ የነፃነት ተምሳሌት ነው» ብሎ ይጽፍና ሥራውን እንደጨረሰ ያስባል። ከዚያ በኋላ ሲጢጥታውን፣ ዘይቱን፣ ሁለት ጊዜ መክፈቱን አያያቸውም፤ ወርቁን አግኝቷላ። ለእንዲህ ያለው ተማሪ «በሩ መጀመሪያ በር ይሁን» እለዋለሁ። ድምፅ ያሰማ የነበረ፣ አሁን የማያሰማ በር። ተምሳሌትነቱ ካለ ከዚያ ይነሣ።

የዘይቤ ስም መጥራትም እንደዚሁ ነው። «ጸሐፊው ሰውኛ ዘይቤ ተጠቅሟል፤ ይህም ጽሑፉን ውብ አድርጎታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ አርመናል! ስሙን ማወቁ ጥሩ ነው። ግን ያንኑ ዐረፍተ ነገር ለሌላ ለማንኛውም ግጥም ቢገለብጡት ከሠራ ስለዚህ ግጥም ምንም አልተባለም ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ እንደ መለኪያ ሰጥቻቸዋለሁ፤ «ዐረፍተ ነገርህን ሌላ ታሪክ ላይ ብትለጥፈው ይሄዳል? ከሄደ ሰርዘው።» ሥነ ጽሑፍ የኅብረተሰብ መስታወት ነው ብለው የሚጀምሩት መግቢያዎች በሙሉ በዚህ መለኪያ ይወድቃሉ። መግቢያውን ደግሞ በመጨረሻ ያጽፏቸው፤ ምን እንዳሉ ሳያውቁ ምን ሊሉ እንደሆነ ማስተዋወቅ አይችሉም።

በአማርኛ የሚያስተምሩ ከሆነ ቋንቋው ራሱ ብዙ ያቀብልዎታል። አንድ ገጸ ባሕሪ ሌላውን «አንተ» ሲለው ቆይቶ በአንድ ቦታ ላይ «እርስዎ» ካለው፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ እዚያ መካከል አንድ ነገር ተፈጥሯል። ግሳችን ባለቤቱን፣ ጾታውንና አክብሮቱን በአንድነት ይዞ የሚሄድ ስለሆነ አንዲት ድምፅ ስትለወጥ ዝምድና ይለወጣል። ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱም አንባቢውን እስከ ዐረፍተ ነገሩ ጫፍ የማቆየት ዕድል ለጸሐፊው ይሰጠዋል። ተማሪው እነዚህን በየዕለቱ ይናገራቸዋል፤ ሲያነብ እንዲሰማቸው ማድረግ የኛ ድርሻ ነው።

መተረክን የሚያመጣ ሌላ ምክንያት አለ፤ እሱም የኛው የጥያቄ አቀራረብ ነው። «የአባትየውን ባሕርይ ግለጽ» ከተባለ ተማሪው ይዘረዝራል፤ ጥያቄው ዝርዝር ነውና የጠየቀው። «አባትየው ሁለት ዓመት የታገሠውን በር አሁን ለምን ጠገነ?» ከተባለ ግን ሳይከራከር መመለስ አይችልም። «በታሪኩ ውስጥ ያለውን ግጭት አብራራ» የሚለውን «ከአባትየውና ከልጅቷ ማንኛቸው ናቸው የበለጠ የሚያጡት?» ብለው ይቀይሩት። ጥያቄ ሳወጣ ራሴን የምፈትነው ሁለት ጎበዝ ተማሪዎች በመልሱ ሊለያዩ ይችላሉ ወይ ብዬ ነው። የማይለያዩ ከሆነ ሐተታ ሳይሆን መረጃ ጠይቄአለሁ።

«ነጥብ፣ ማስረጃ፣ ማብራሪያ» የሚለውን ቀመር ግን አይጣሉት። ለጀማሪ መቆሚያ ይሆነዋል፤ አንድ አንቀጽ ምን ምን ሊኖረው እንደሚገባ ያስታውሰዋል። ጽሑፉ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነብዎት ከሚገባው በላይ ስለቆየ ይመስለኛል። ለአንድ ሁለት ወር ይጠቀሙበትና ከዚያ ሆን ብለው ያናውጡት። አንድ ሳምንት «በጥቅስ ጀምሩ፤ አቋማችሁን መጨረሻ ላይ አምጡ» ይበሏቸው። ሌላ ሳምንት «አንቀጻችሁ የማትስማሙበትን ንባብ አቅርቦ ይነሣ» ይበሉ። ጥቅሱንም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ከመገልበጥ አንዲት ቃል ወስደው በራሳቸው ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንዲያስገቡ ያለማምዷቸው። «ያሳያል» የምትለዋ ግስ ብቻዋን እንዳትደክም ጓደኞች ይስጧት፤ ይጠቁማል፣ ያለዝባል፣ ያጎላል፣ ይደብቃል፣ ያዘገያል፣ ይቃረናል። «ይደብቃል» የሚለውን የመረጠ ተማሪ ምን እንደተደበቀ ለመናገር ይገደዳል፤ ግሱ ራሱ ወደ ሐሳብ ይጎትተዋል።

በሰሌዳ ላይ አብረው ይጻፉ። ቤት አዘጋጅተው የመጡትን ጥሩ አንቀጽ ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ እዚያው እያዩዎት መጻፍ ሌላ ነው። ዐረፍተ ነገር ይጀምሩ፤ ይቁሙ፤ «ይህ ትረካ ሆነብኝ» ብለው ይሰርዙት፤ «‹ያሳያል› አልኩ፤ ምኑን ነው የሚያሳየው?» ብለው ጮክ ብለው ይጠይቁ። ተማሪዎች የታተመ ጽሑፍ ብቻ ሲያዩ ስለሚኖሩ ጥሩ ጸሐፊ ሳይሰርዝ የሚጽፍ ይመስላቸዋል። የእርስዎ ስርዝ ድልዝ ያበረታታቸዋል።

አሁን 60 ደብተር። ሁሉንም በዝርዝር ማረም አይችሉም፤ አይገባዎትምም። የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ጥናት ለአንዱ ቡድን ማርክ ብቻ፣ ለሌላው አስተያየት ብቻ፣ ለሦስተኛው ሁለቱንም ሰጥታ ነበር። ሥራቸው የተሻሻለው አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው፤ ሁለቱንም ያገኙት ማርክ ብቻ እንዳገኙት ሆኑ። ተማሪው ቁጥሩን ካየ በኋላ አስተያየቱን አያነበውም፤ ይህን ከራሳችን ክፍልም እናውቀዋለን። ስለዚህ ረቂቅ ላይ ማርክ አይጻፉ። የመጨረሻው ጽሑፍ ላይ ይስጡ።

እርማቱን ከርስዎ በፊት የሚሠሩት ራሳቸው ይሁኑ። እያንዳንዱ ተማሪ የጎረቤቱን ረቂቅ ወስዶ ታሪኩ የሚተረክበትን ቦታ በእርሳስ፣ የጸሐፊው የራሱ ሐሳብ ያለበትን በእስክሪብቶ ያስምርበት። ደብተሩ ሲመለስለት ገጹ ሁሉ በእርሳስ የተሰመረበት ተማሪ ማንም ምንም ሳይለው ይገባዋል። ይህ አሥር ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው፤ ከሁለት ቀን የቀይ እስክሪብቶ ድካም የበለጠ ውጤት አይቼበታለሁ።

ከዚያ በየዙሩ አሥር ደብተር ብቻ ይውሰዱ፤ ተራ በተራ በስድስት ዙር ሁሉም ይደርሳቸዋል። በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ ይዩ። በዚህ ሳምንት ድልድዩን የሚያዩ ከሆነ የፊደል ግድፈቱን ይለፉት። ይህ ይከብዳል፤ ዓይናችን የለመደው እሱን ነውና። ነገር ግን አንድ ገጽ ላይ 14 ምልክት ያየ ተማሪ ከየትኛው እንደሚጀምር አያውቅም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስተካክለው ቀላሉን፣ ፊደሉን ነው። በኅዳጉ ላይ ትእዛዝ ሳይሆን ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ይጻፉለት፤ «በሦስተኛው ቀን ብለሃል፤ በመጀመሪያው ቢሆን ሐሳብህ ይለወጥ ነበር?» ተማሪው ከሥሩ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይመልሳል። ያቺ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ጎድሎ የነበረው ማብራሪያ ራሱ ናት። ወደ አንቀጹ እንዲያስገባት ብቻ ይንገሩት።

ካነበቧቸው አሥር ደብተሮች ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ይምረጡ፤ አንድ የተዋጣለት፣ ሁለት ለመዋጣት ጥቂት የቀራቸው። የማን እንደሆኑ ሳይናገሩ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ይጻፏቸው፤ 60ዎቹ አብረው ያሻሽሏቸው። ባለቤቱ ዐረፍተ ነገሩ እንዲህ በክብር ሲታይለት የሚሰማውን ነገር ፊቱ ላይ ያዩታል።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ደብተር አያስወጧቸው። የበሩን አንቀጽ ወይም ራስዎ የጻፉትን ስምንት ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ሁለት ጊዜ ያንብቡላቸው፤ ቁራጭ ወረቀት ያድሉና አንዲት ቃል ይለምኗቸው። ከዚያ «ይህ ቃል ቢቀየርስ?» ብለው ይጠይቁና ይጠብቁ። የመጀመሪያው ዝምታ ሊረዝም ይችላል፤ እኔ ዘንድ አንድ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ያህል ሄዷል። መልሱን እርስዎ አይስጡ።